አህያዋ ተበላች… ጭሱስ ጠፋ?

(በሮቤ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)

  

ለዚህ መድረክ የጋበዙኝ ሰዎች የሰጡኝ ርዕስ "ከጥንት ተረቶቻችን አንዱን መርጦ በአዲስ መልክ መተረክ" የሚል ነው። ርዕሱን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ቀላል መሰለኝ። ተረት ምን አለበት? አንዱን መዞ ማውጣት ነው። አንበሳውን መኪና ላይ ማስቀመጥ፣ ጅቡን ከረባት ማሰር፣ ጦጢትን ሞባይል ማስያዝ… አለቀ! አዲስ መልክ ማለት ይኸው መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንዴት እንደገባኝ ልነግራችሁ ነው የቆምኩት።

እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም። አንዲት ዲፕሎማ ያለችኝ፣ የማንም ቅጥር ያልሆንኩ፣ በየዝግጅት ክፍሉ በር እየዞርኩ ጽሑፍ የምሸጥ የጎባ ልጅ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ያነበብኩትን ብቻ ሳይሆን ያፈርኩበትንም ነው።

ተረት የሕፃን ነው?

በቅድሚያ አንድ ነገር እንስማማ። "ተረት የሕፃን ነው" የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አባባል ራሱ ተረት ነው! ይህን ለማለት ደግሞ እኛ ባሌዎች የመጨረሻዎቹ መሆን አለብን። ለምን ቢሉ፣ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ በቴሌቪዥን መስኮት "አባባ" ብሎ የጠራቸው ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በባሌ ምድር ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ልጆችን ሰብስበው ተረት ማውራት ጀመሩ። ለአርባ ዓመታት ያህልም አወሩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው ግን ሕፃን አልነበረም፤ ጢሙን የላጨ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነበር። ተረት የሕፃን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጎልማሳ ምን ሆኖ አለቀሰ?

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ለባርነት ተሸጣ ባሕር ልትሻገር ስትል የጣልያን ባሕር ኃይል መርከቡን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ አወጣት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ይህች ልጅ ከአገሯ ይዛ የወጣችው ንብረት ምን ነበር? የወላጆቿ ተረት ብቻ! በቃሏ የያዘቻቸው ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች እሷና ኦነሲሞስ ነሲብ ባዘጋጁት የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታትመው ወጡ። ወገኖቼ፣ ሰው ቤቱን፣ ከብቱን፣ ስሙን ሳይቀር ይነጠቃል። ተረቱን ግን ነጥቆ የሚሸጠው ነጋዴ እስካሁን አልተወለደም።

"ቅርስ ታበላሻለህ"

ሁለተኛው ክስ ይህ ነው። "ተረት የአባቶች ቅርስ ነው፤ አትንካው" ይሉሃል። ኧረ ለመሆኑ ያልተነካ ተረት ማን አይቶ ያውቃል? ዶሎ መና የነበሩት አያቴ፣ "አኮ" ነበር የምንላቸው፣ አንዱን ተረት ሦስት ሌሊት ሦስት ዓይነት አድርገው ያወሩልን ነበር። ቅልውጥ የመጣ እንግዳ ካለ ጅቡ ሆዳም ይሆናል። እኛ ልጆቹ ከተጣላን ጅቡ ወንድሙን ይከዳል። "አኮ፣ ትናንት እንዲህ አልነበረም እኮ!" ስንላቸው "ትናንት እናንተም እንዲህ አልነበራችሁም" ይሉን ነበር። እንግዲህ አዲስ መልክ የሚባለው ትምህርት ከዚህ በላይ ምን አለው?

ከበደ ሚካኤልም "ታሪክና ምሳሌ" ብለው ተረትን በግጥም ሲያቀርቡ ቅርስ አበላሹ ያላቸው የለም። እንዲያውም ስንት ትውልድ በቃሉ ያዘው!

ስለዚህ ጥያቄው "ይነካ ወይስ አይነካ?" አይደለም። ጥያቄው "የትኛው ይነካ? ለምንስ?" ነው።

ሦስት ተረት አንስቼ ሦስቱንም ጣልኩ

መጀመሪያ ያነሳሁት የአንበሳውን ጸጉር ነው። ታውቁታላችሁ። አንዲት ሴት የእንጀራ ልጇ አልቀርብ ይላታል። አዋቂ ዘንድ ብትሄድ "ከሕያው አንበሳ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ" ይላታል። ሥጋ እየጣለች ቀስ በቀስ ተጠግታ አንበሳውን ታለምደውና ጸጉሩን ታመጣለች። አዋቂውም "ልጁንም እንዲሁ ልመጂው" ይላታል። ግሩም ተረት ነው! ለሃረናም ይስማማል፤ ጎፈሬው የጠቆረ አንበሳ በዚህ ጫካ አለና። ግን ጨንቆኝ ተውኩት። እንደገና ለሴቷ "ታገሺ" ልላት ነው? ሴቶቻችን ይህን ቃል ሳይሰሙ ያደሩበት ቀን አለ? ይህን ተረት የሚያድስ ካለ አንዲት ሴት ታድሰው።

ሁለተኛው የብርዱ ተራራ ነው። አንድ አሽከር ከጌታው ጋር ተወራርዶ ራቁቱን ተራራ ላይ ያድራል። ወዳጁ ከሩቅ እሳት ያነድለታል፤ እሱ ያንን እያየ ብርዱን ይችላል። ጌታው "እሳት ሞቀሃልና ውርርዱን በላህ" ብሎ ይክደዋል። በኋላ አንድ ብልህ ሰው ድግስ ደግሶ እንግዶቹን ሽታውን ብቻ ያሸትታቸዋል። "በሽታ ካልተጠገበ፣ በሩቅ እሳትስ እንዴት ይሞቃል?" ጌታው አፍሮ ከፈለ። ይህን ተረት ሳነቲ ላይ ማስቀመጥ ምንኛ አማረኝ! ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው፤ በጋ ላይ ውኃው ሌሊት በረዶ ሆኖ ያድራል። ነገር ግን መጨረሻው አላስኬደኝም። እኔ በዕድሜዬ ባለጌታ በሽታ አፍሮ ሲከፍል አላየሁም! ያየ ካለ ያጫውተኝ።

ሦስተኛው የቀበሮ ተረት ነው። ቀበሮ ተንኮለኛ፣ ቀበሮ አታላይ… ይህንን ደግሞ በባሌ ማን ደፍሮ ያወራል? እኛ ዘንድ ያለው ቀይ ቀበሮ ነው። አባቶቻችን "ጀዳላ ፈርዳ" ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ባዝራ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ፍለጋ ከኋላ ይከተላልና። ቀኑን ሙሉ ሳነቲ ላይ ፍልፈል ሲያደባ ይውላል። በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፤ ከግማሽ የሚበልጠውም እዚሁ ባሌ ነው። የሚገድለው የእኛ ውሻ የሚያጋባበት የእብደት በሽታ ነው። እንግዲህ እሱ ነው ተንኮለኛው ወይስ እኛ? ቀበሮውን ልወነጅል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ያፈርኩበት ጽሑፍ

አራተኛውን ተረት ግን እኔ አልመረጥኩትም። እሱ ነው እኔን የመረጠኝ።

እኔ የተወለድኩት በ1985 ዓ.ም. ነው። ሳንሱርን አስቀረሁ ያለው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 የወጣው በዚያው ዓመት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በ1992 ዓ.ም. በጋ፣ የባሌና የቦረና ደን ነደደ። በአገሪቱ በጠቅላላው ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ እንደተቃጠለ በኋላ ተነገረ። ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር የእሳት ማጥፋት ባለሙያ መጣ። "መንግሥት ዘገየ" ብለው የኦሮሚያ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። እኔ የማስታውሰው ጎባን አቋርጠው ወደ ሳነቲ የሚወጡትን ወታደርና ተማሪ የጫኑ መኪኖች ነው። አባቴን "ማን ለኮሰው?" ስለው "ዝም በል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም" አለኝ።

ያ ልጅ አድጎ ጋዜጠኛ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበጋ ወር በሃረና በኩል እንደገና ጭስ ታየ ተባለ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ መታሁ። ያነሱልኝ አንድ ባለሥልጣን "ማር ቆራጮች ናቸው" አሉኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ጻፍኩ። "ማር ቆራጮች ሃረናን አነደዱ!" የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል አይደል የሚባለው? እኔም ነከስኩ። ርዕሱ ያማረ ነበር። ጋዜጣውም ተሸጠ።

ከወራት በኋላ ለለቅሶ ዶሎ መና ወረድኩ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከጎባ ተነስቶ ሳነቲን ያቋርጥና ገደሉን ተጠማዝዞ ሪራ፣ ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያ ጫካው፣ ከዚያ የዱር ቡናው። ለቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋዜጣውን የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸው ኖሯል።

"ልጄ፣ ያንን የጻፍከው አንተ ነህ?"

"አዎ አባቴ።"

"ማር ቆራጭ አነጋግረሃል?"

ምን ልበል? ዝም አልኩ።

"እንግዲያው ቁጭ በል። ቡናው እስኪፈላ ተረት ላውራህ" አሉኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የሽማግሌው ተረት

ድርቅ ሆነ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። "ዝናብ የጠፋው ከእኛ አንዱ በድሎ ነው፤ ሁላችን እንናዘዝ" አሉ። አንበሳ "በሬ በልቻለሁ" አለ። "ተፈጥሮህ ነው፤ በደል አይደለም" አሉት። ነብር "ፍየል በልቻለሁ" አለ። "ይህም በደል አይደለም" ተባለ። ጅብም የሰረቀውን ተናገረ፤ ይቅር ተባለ። አህያ ተራዋ ደረሰ። "ባለቤቴ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር ነጭቻለሁ" አለች። "ይኸውላችሁ! በደል ማለት ይህ ነው!" ብለው ጮኹ። በሏት።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ዝም አሉ። ስኒያቸውን አነሱ።

"ዝናቡስ ዘነበ?" አልኳቸው።

"እሱን ተረቱ አይናገርም። አንተ አይደለህ እንዴ ጋዜጠኛው? ጠይቅ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ተረት ስከተል ሰንብቻለሁ። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን ተረቶች እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ አስገብተውታል። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ውስጥ አህያዋ እንደዚሁ ተፈርዶባታል፤ እዚያ ግን ሰበቡ ድርቅ ሳይሆን ወረርሽኝ ነው። አያችሁ? አጥንቱ አንድ ነው፤ ቆዳው ይለያያል። መከራ ይመጣል፣ ትልልቆቹ ይሰበሰባሉ፣ ትንሹ ይበላል። አህያውን ፈርተው ዳውላውን እንዲሉ፣ እዚህ ደግሞ አንበሳውን ፈርተው አህያዋን!

እኔም አጥንቱን ሳልነካ ሁለት ነገር ለወጥኩ። ድርቁን ጭስ አደረግኩት። ሁለተኛው፣ ሌሊት ተኝቼ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። አህያዋ ሞታለች። የበሏት ደግሞ በራሳቸው ላይ አይመሰክሩም። ታዲያ ይህን ወሬ ለእኛ ማን ነገረን? አንድ ቃለ ጉባዔ የያዘ መኖር አለበት! እሱን ፈልጌ አስገባሁት። እንግዲህ ስሙኝ።

በአዲስ መልክ

ተረት ተረት! ("የመሠረት!" አለ አዳራሹ።)

በሃረና ጫካ ጭስ ታየ። ከየት እንደመጣ ያወቀ የለም። አንበሳ አዋጅ አስነገረ። "ጭሱ የመጣው ከእኛ አንዱ ቢያጠፋ ነው። ጥፋተኛው ይለይ!" ከአንድ ትልቅ ኮሶ ሥር ተሰበሰቡ። ጦጢት ደብተርና ብዕር ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ወጣች። ይህች ጦጣ የባሌ ጦጣ ናት፤ የምትኖረው በቀርከሃው ነው።

አንበሳ ጀመረ። "ባለፈው ሰሞን ከአንድ ምስኪን በረት ሦስት ላም በልቻለሁ።" ጅብ ጉሮሮውን ጠረገና "ጌታዬ፣ በእርስዎ መበላት ለላሞቹም ክብር ነው" አለ። ጦጢት ጻፈች። "ሊቀ መንበሩ በከብት ሀብት ዙሪያ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ።"

ነብር ቀጠለ። "ፍየል ሳባርር አንድ እረኛ አቁስያለሁ።" "እረኛውስ እዚያ ምን አቆመው?" ተባለ። ጦጢት ጻፈች። "ነብር ተፈጥሮ የነበረውን አለመግባባት አስረዱ።"

ጅብ ተነሳ። "እኔ የአንዲት ባልቴት ብቸኛ አህያ በልቻለሁ።" የአህያዋ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የተበላችው እናቷ ነበረች። "ረሃብ ነው፣ ምን ታድርግ!" ተባለ። ጦጢት ጻፈች። "ጅብ የምግብ እጥረት ችግሮችን አነሱ።"

አህያዋ ተጠራች። "እኔ ቡና ተጭኜ መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ጌታዬ ከሰው ጋር ሲያወራ፣ ከመንገዱ ዳር ሁለት ጉንጭ ሣር ነጭቻለሁ" አለች።

ጸጥታ ሆነ። "ሣር!" ብሎ ጮኸ ጅብ። "ሣሩ ባይነጭ መሬቱ አይደርቅም! መሬቱ ባይደርቅ እሳት አይነሳም!" ጦጢት የአህያዋን ንግግር ብቻ ቃል በቃል ጻፈች። ከሥሩም "ጥፋቷን አምናለች" ብላ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

በሏት።

ማኅተም ተመታ። ጉባዔው በድል ተጠናቀቀ። ጦጢት ደብተሯን ዘግታ ልትሄድ ስትል ከበስተኋላዋ ጧ! ጧ! የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር አለች። ቀርከሃው እየነደደ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ጦጢት ማናት?

ወገኖቼ፣ ጦጢትን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። እዚህ ቆማ ታነጋግራችኋለች። "ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ" ብሎ የጻፈ ብዕር የእኔ ነው። የትልቁን ጥፋት አለስልሶ፣ የትንሹን ቃል በቃል የሚመዘግብ ሰው ባይኖር ኖሮ ጉባዔው ጉባዔ ባልሆነ ነበር፤ ተራ ግድያ ነበር የሚሆነው። ጥርሱ የአንበሳ ነው፤ ማኅተሙ ግን የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው።

አንድ ነገር ግን ላለመዋሸት ልናገር። አህያዋ ሣሩን አልነጨችም አላልኩም። የማር ቆራጭ ጭስ አንዳንዴ እሳት ያስነሳል፤ ይህን ሽማግሌውም አልካዱም። ለግጦሽ ብሎ አስታውን የሚለኩስ አለ፤ ለእርሻ ብሎ የሚያቃጥል አለ። ጥያቄዬ "ሣሩ ተነጨ ወይ?" አይደለም። "ሦስቱ ላሞች የት ገቡ?" ነው። አለፍ ሲልም፣ የሚቀጥለው በጋ ሲመጣ እሳቱን ማን ያጠፋዋል? ጫካውን እንደ መዳፉ የሚያውቀውን ሰው አስቀድመን ከበላነው፣ በየትኛው ገደል ወርዶ፣ በየትኛው ምንጭ ውኃ ቀድቶ የሚደርስልን ማን ነው?

ይህ የሰነፍ ቅኔ አይደለም። የባሌ ተራሮች ፓርክ ከተመሠረተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2006 ዓ.ም. በደንብ ታወጀ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ደስ ብሎናል! ግን የዓለም ቅርስ ሲባል በውስጡና በዳሩ ከብት የሚነዳ፣ ቀፎ የሚሰቅል፣ የዱር ቡና የሚለቅም ሰው አለ። ጉባዔ ሲጠራ እሱ የት ነው የሚቀመጠው? ከኮሶው ሥር ወይስ ከሳህኑ ላይ? ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በአዳባና ዶዶላ "ዋጂብ" የተባለ አሠራር ተሞክሯል፤ የጫካ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ነዋሪው ደኑን የመጠቀም መብት በውል ተሰጠው፤ በምላሹ የመጠበቅ ግዴታ ገባ። አህያዋ ከተከሳሽ ሳጥን ወጥታ ወንበር ተሰጣት እንደማለት ነው። ተረት አይደለም፤ ተሠርቶበታል።

እናንተስ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ልጆች፣ እናንተ ተማሪዎቹ፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አያታችሁን ተረት ጠይቁ። የሚያስቀውን ሳይሆን፣ ካለቀ በኋላ "ከዚያስ?" የሚያሰኛችሁን ምረጡ። አጥንቱን አትስበሩ፤ አህያዋን በግድ አታድኗት። ሳትድን ቀርታ ዳነች ብላችሁ የምታወሩላት ተረት የጅቡን ሆድ ነው የሚያስደስተው። ይልቅ በተረቱ ውስጥ ስሙ ያልተጠራውን ሰው ፈልጉ። ደጃፉን የጠበቀው ማን ነው? ውኃ የቀዳችው ማን ናት? ደብተሩን የያዘውስ? እሱን ስታገኙት ተረቱ በራሱ ጊዜ ይታደሳል፤ ሞባይልም ከረባትም አያስፈልገውም። ያወራላችሁን ሰው ስምም በሥሩ ጻፉ። አስቴር ጋኖ ያን ሁሉ ከቃሏ አውጥታ ስሟን የሚያውቀው ስንቱ ነው?

ለዶሎ መናው ሽማግሌ ይህን አዲሱን ተረት ባለፈው ወስጄ አነበብኩላቸው። ማር በቂጣ አቅርበውልኝ እያዳመጡ፣ ጦጢት ላይ ስደርስ ሳቅ አሉ። ስጨርስ ግን እንዲህ ነበር ያሉኝ፦

"ጥሩ ነው ልጄ። እንግዲህ ያንን የቀድሞውን ጽሑፍህንስ መቼ ነው የምታርመው?"

ይኸው ዛሬ፣ በእናንተ ፊት፣ አርሜዋለሁ። ሃረናን ማር ቆራጮች አነደዱ ብዬ ስጽፍ አንድም ማር ቆራጭ አላነጋገርኩም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህ ንግግር በጋዜጣ ሲወጣም ይህች ዓረፍተ ነገር እንዳትቆረጥ አዘጋጁን ለምኛለሁ።